ካሜራና ሌንስን በመኖሪያ ቤት ስለ ማስቀመጥ፦ የእርጥበት ጥያቄ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለሕዝብ ንግግር አነስ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በመስክ ጥናት፣ በቅርስ ምዝገባም ሆነ በብራና መጻሕፍት ቀረጻ የተሰማራ አብዛኛው ሰው ካሜራውን የሚያሳድረው በመኖሪያ ቤቱ ነው። እኔም በጉዳዩ ላይ ማሰብ የጀመርሁት ከደረሰብኝ ኪሳራ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሌንስ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ በሰኔ ወር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁ፤ በጥቅምት ሳወጣው በውስጠኛው መስተዋት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቶበት አገኘሁ። ባለሙያው ክሩን ቢያጸዳውም ያሳረፈውን ጠባሳ ሊያነሣው አልቻለም። ያ ሌንስ አልወደቀም፣ አልተሰበረም፤ የተበላሸው በመቀመጡ ነው።

ያ ክር ሻጋታ ነው። የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ሆኖ በአየር ውስጥ በየትም ስለሚገኝ ከሌንስ ፈጽሞ ማራቅ አይቻልም። ምግቡም ጥቂት ነው፤ የጣት ቅባት፣ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይበቃዋል። ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር ይስማሙታል። ሲያድግ የሚያመነጨው አሲድ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ቆይቶም መስተዋቱን ራሱን ይበላል። ጠባሳው የማይጠፋው ስለዚህ ነው። ከእነዚህ ሁኔታዎች መካከል በእጃችን ያለው ዋነኛው እርጥበት ነው።

እርጥበት ስንል አንጻራዊውን እርጥበት ማለታችን ነው፤ ይኸውም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን እንደ ያዘ የሚያሳየው መቶኛ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀን በ20 ዲግሪ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ ተን የያዘ፣ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ትርፉን በቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ አድርጎ ይጥላል። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ወደ ውጭ የዞረ ግድግዳ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ከዚያ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁም ሣጥን ከክፍሉ መካከል ይልቅ እርጥብ ነው። የወለል ጥግም እንደዚሁ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ክዳኑ ላስቲክ ያለውና አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ሲሊካ ጄልና አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። በሣጥኑ ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያለው መጠን ተስማሚ ነው። ከ60 በመቶ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሻጋታ ያሰጋል፤ ከ30 በመቶ በታችም ቅባቱንና ጎማውን እንዳያደርቅ ይጠነቀቁለታል። የመለኪያውን ትክክለኛነት ለመመርመር ጥቂት የገበታ ጨው በውሃ ጠብታ አርሳችሁ፣ ሳይሟሟ፣ በጠርሙስ ክዳን ከመለኪያው ጋር በታሸገ ከረጢት አሳድሩት፤ ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ቢያሳይ አምስት እየጨመራችሁ አንብቡ።

ሲሊካ ጄል ውሃ ሲጠግብ ሥራውን ያቆማል፤ ከሣጥኑ ውስጥ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ከከረጢቱ አውጥቶ በብረት ትሪ በመዘርጋት፣ አምራቹ በፈቀደው ሙቀት በምድጃ ቢደርቅ ደጋግሞ ያገለግላል። ሩዝ ግን ምትኩ አይደለም፤ የሚስበው ጥቂት ሲሆን ብናኙም ለሻጋታ ምግብ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ የቆዳና የጨርቅ ማኅደርን ነገር ነው። ማኅደር ለመንገድ እንጂ ለክረምት አልተሠራም፤ እርጥበት መጥጦ ይይዛል። ከጉዞ ስትመለሱ ዕቃውን አውጡ፣ አቧራውን አራግፉ፣ የጣት ቅባቱን ጥረጉ፣ ከዚያ ሣጥኑን ዝጉ። ሌንስ በፀሐይ ፊት ትታችሁ አትሂዱ፤ ጨረር ሰብስቦ ሊያቃጥል ይችላል። ከብርዳማ ደጋ ወደ ሞቃትና እርጥብ ቆላ ስትወርዱም ካሜራው ከአካባቢው ሙቀት ጋር እስኪስተካከል በተዘጋ ከረጢት ይቆይ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ሊቲየም ባትሪ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከካሜራው ወጥቶ፣ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። የሚሞሪ ካርድ ደግሞ መሸጋገሪያ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ሥዕሎቹ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይገልበጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ሌባም እሳትም ሣጥኑን ከነይዘቱ ይወስዳልና።

ሌንስ በገንዘብ ይተካል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አዛውንት ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ የተነሣ ምስል ግን አይተካም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ።