ክረምት የሐዋሳ ወፎች ወቅት ነው

«ሐዋሳ ወፍ ለማየት መቼ ልምጣ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። አስጎብኚዎች ብትጠይቁ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሏችኋል። ምክንያት አላቸው፤ ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ የአውሮፓና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችም ሐይቁ ላይ ይሰፍራሉ። እኔ ግን ሐምሌና ነሐሴ ኑ እላለሁ። እንግዶቹ ወደ ሰሜን ሄደው ሐይቁ ለነዋሪዎቹ የሚቀረው በክረምት ነው። ብዙዎቹ የራሳችን ወፎች የሚያጌጡት፣ ጎጆ የሚቀልሱትና የሚፈለፍሉትም በዚሁ ወቅት ነው።

ነገሩ የምግብ ነው። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይለመልማል፣ ነፍሳት ይራባሉ፣ ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ሣሩ ያፈራል። ካደጉ በኋላ በአብዛኛው ጥሬ የሚለቅሙ ብዙ ወፎች ሳይቀሩ ጫጩቶቻቸውን በአመዛኙ በነፍሳት ነው የሚያሳድጉት። ለዚህ ነው ጎጆና ዝናብ አብረው የሚመጡት።

አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ሸማኔ ወፍን ይይ። ከውኃው በላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ወይም የፊላ ዘንግ ፈልጉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቢጫ የለበሰው ወንዱ ቅጠል በምንቃሩ ሰንጥቆ ረጅም ክር ያወጣል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያ እዚያው ቀለበት ላይ ቆሞ ምንቃሩ እስከደረሰበት ድረስ በዙሪያው ጎጆውን ይሸምናል። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ ትመረምራለች። የምትወደው ገና ያልደረቀ አረንጓዴ ጎጆ ነው። ቀን ቆጥሮ ከጠወለገ ፈላጊ የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ አፍርሶት እንደገና ይጀምራል። ከዛፍ ሥር የተቦጫጨቀ ሣር ወድቆ ካያችሁ ያ የፈረሰ ጎጆ ሊሆን ይችላል።

እዚያው አካባቢ «ዲ ዲ ዲ ዲድሪክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ከዝናቡ ጋር ከሌላው የአፍሪካ ክፍል የሚመጣ፣ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ የኩኩ ዓይነት ነው። ሴቷ ጎጆ አትሠራም። ሸማኔዋ ዞር ስትል ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ የሚፈለፈለውም ጫጩት የባለቤቷን እንቁላሎች ገፍቶ ያወጣል። ሸማኔዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የአንዷ እንቁላል ሰማያዊ፣ የሌላዋ ነጭ፣ የሦስተኛዋ ነጠብጣብ ያለበት ነው። እያንዳንዷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ስለሆነ ባዕዱን ለይታ ታወጣዋለች። ኩኩዋ የየትኛዋን መልክ ትምሰል? እኔ በሐይቁ ዳር ከማውቀው ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ትግል ነው።

የውኃ አበባ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደውን ጃካናም ፈልጓት። በእነሱ ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባት ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር አቅፎ ይነሣል። ያኔ ትንንሽ እግሮች ከጎኑ ተንጠልጥለው ስለሚታዩ ከሩቅ ያየው ሰው ብዙ እግር ያለው ወፍ አየሁ ይላል። ሴቷ ከአንድ በላይ ወንድ ይዛ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ስለ አባ ኮዳ ብዙ አልጨምርም፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሄደ ሁሉ የዓሣ አንጀት ሲሻማ አይቶታል። እግሩ ነጭ የሆነው ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መስቀል ወፍ። በዓመት አንድ ጊዜ ከአደይ አበባ ጋር መጥቶ የሚጠፋ ወፍ እንደሆነ ብዙዎቻችን ሰምተን አድገናል። በዚህ ስም የምንጠራው አንድ ወፍ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀይና ጥቁሩንም፣ ቢጫና ጥቁሩንም፣ ጭራው ረጅም የሆነውንም ሰዎች እንዲሁ ይሉታል። የሚጠፋ ግን የለም። በበጋው ወራት ወንዱ ልክ እንደ ሴቷ ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ላባ ለብሶ ከመንጋው ጋር ጥሬ ሲለቅም ይከርማል፤ ከፊታችን ሆኖ አናውቀውም። ክረምቱ ሲገባ ላባውን ይቀይራል። በነሐሴ ቀዩ ወፍ ላባውን ነፍቶ ሣሩ አናት ላይ እየተንሳፈፈ ክልሉን ሲያስከብር ታዩታላችሁ። ለመስከረም 17 የሚደርሰው ጌጡ ነው እንጂ ወፉ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ነው።

እናም አንድ ልመና አለኝ። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ቄጠማ የሚታጨደው እነዚህ ወፎች ሣርና ሸምበቆ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ይዘው ባሉበት ጊዜ ነው። ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት በዓል እኔም አልወድም። ነገር ግን አጫጆቹ ጠርዝ ጠርዙን ወስደው ከውኃው ጋር የተያያዘውን ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ቢተዉ፣ ጎጆ ያዩበትንም ቁጥቋጦ ቢያልፉት ብዙ ይተርፋል። በጥቁር ውኃ በኩል ያለው ረግረግ በተለይ ያሳስበኛል፤ እርሻው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የሚታጣው መራቢያ ነው። ቄጠማ ስትገዙ ከየት እንደታጨደ ጠይቁ፤ ገዢ ሲጠይቅ ሻጭም ይጠነቀቃል።

ለመውጣት ያሰባችሁ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ነው። ቡትስ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ከተገኘም የርቀት መነጽር ያዙ። ነሐሴ ላይ ጭቃው ዳር ጭራቸውን ላይ ታች እያወዛወዙ የሚሮጡ ትንንሽ ወፎች ካያችሁ፣ ከሰሜን መመለስ የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ያያችሁትን ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ወይም ኢበርድ የሚባለው የወፍ መዝገብ ላይ በቀጥታ አስገቡ፣ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው በበጋ ስለሆነ የክረምቱን መመዝገብ የእኛ የነዋሪዎቹ ሥራ ነው። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ፎቶ ግን አትላኩልኝ፤ ለፎቶ ስትጠጓት ትነሣለች፣ በዝናብ መሐል እንቁላሉ ይበርዳል።