የቴሌቪዥን ድራማ ስለ አምቡላንስ ሠራተኞች የሚነግረን ምንድር ነው?

አንድ ሰው በመንገድ ላይ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። አምቡላንስ እየጮኸች ትደርሳለች፤ ሁለት ጐልማሶች ዘለው ይወርዳሉ፤ ደረቱን ጥቂት ጊዜ ይጫናሉ፤ የልቡን ምት የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ «ራቁ!» ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ዐይኑን ይገልጣል። ይህን ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ድራማ ድራማ ነው፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሳችን ብዙዎቻችን ስለዚህ ነገር ከድራማው በቀር ሌላ አስተማሪ የለንም የሚል ነው።

ይህ ዐይነቱ ትርኢት ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1972 «ኢመርጀንሲ!» የሚባል ተከታታይ ድራማ በኤንቢሲ ጣቢያ ተጀመረ፤ ዋነኞቹ ባለታሪኮች በሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ ጓድ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት የነፍስ አድን ባለሙያዎች ነበሩ። በ1960ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሽተኛ የሚያመላልሰው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት መኪና ነበር፤ በሽተኛው ቢተርፍም ባይተርፍም መኪናው ሥራ አይፈታም ማለት ነው። እንግዲህ ሕክምና ከሆስፒታል በር ሳይሆን ሰው ከወደቀበት ቦታ ሊጀመር እንደሚችል ሕዝቡ እንዲረዳው በማድረግ ረገድ የዚህ ድራማ ውለታ ቀላል አይደለም።

ዳሩ ግን ድራማው ከመጀመሩ በፊት ሥራውን ያቀኑ ሰዎች ነበሩ። በ1967 በፒትስበርግ ከተማ፣ ሂል ዲስትሪክት በተባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩትን የሰፈሩን ሰዎች በዶክተር ፒተር ሳፋር መሪነት አሠለጠኗቸው፤ የታፈነ ትንፋሽ መክፈትን፣ ደረት እየተጫኑ የቆመ ልብን ማገዝን፣ በመኪና ውስጥ ሕክምና መስጠትን ተማሩ። ለኋለኞቹም አርኣያ ሆኑ። በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም ግን ፍሪደም ሃውስ ተዘጋ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ከሙያው ተገፉ። የ«ኢመርጀንሲ!» ደራሲዎች ይህን ሆን ብለው ሸሸጉ አንልም፤ ሎስ አንጀለስ የራሷ ታሪክ አላት። ይሁን እንጂ የአገሩ ተመልካች ስለዚህ ሙያ ሲያስብ ፊቱ ድቅን የሚሉት የድራማው ሁለት ባለታሪኮች ሆነው ቀሩ።

ከታሪኩ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ስለ ሞት የሚነገረው ነው። በ1996 ሦስት ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባወጡት ጽሑፍ «ኢ አር»፣ «ቺካጎ ሆፕ» እና «ሬስኪው 911» ከተባሉት ትርኢቶች 97 ክፍሎችን ተመልክተው፣ ልባቸው የቆመባቸውንና ርዳታ የተደረገላቸውን 60 ሰዎች ቈጠሩ። ከነዚህ 75 ከመቶው ወዲያው ነፍስ ዘሩ፤ 67 ከመቶው ድነው ወደ ቤታቸው የተመለሱ መስለው ታዩ። በእውነተኛው ዓለም፣ በዚያችው በአሜሪካ፣ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ቆሞ የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሚረዷቸው መካከል በሕይወት ከሆስፒታል የሚወጡት ከመቶው ዐሥር ያህል ናቸው። በድራማው ልቡ የሚቆምበት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን ወይም ወጣት ነው፤ በእውነቱ ግን አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ የልብ በሽተኞች ናቸው።

ስለዚያ ቀጥ ያለ መስመርም ጥቂት እንበል። የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚጠቅመው ልብ ሥርዐት በሌለው መንቀጥቀጥ ስትያዝ ነው፤ ንዝረቱ መንቀጥቀጡን ያስቆመዋል፣ ልብም የራሷን ምት እንደ ገና የምትጀምርበት ዕድል ታገኛለች። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን የሚስተካከል እንቅስቃሴ ራሱ የለም፤ የሚደረገው ደረትን መጫንና እንደ አድሬናሊን ያለ መድኃኒት መስጠት ነው። ይሁን እንጂ ደረት መጫን ለካሜራ አይመችም። ጐልማሳ ሰው ሲሆን ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር እስኪጐደጕድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን አለበት፤ አንዳንዴም የጐድን አጥንት ይሰበራል። በሕያው ተዋናይ ደረት ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ተዋናዮቹ ክርናቸውን እያጠፉ ማስመሰል ይገደዳሉ፤ እኛም እነሱን አይተን እንማራለን።

ደግሞም የሠራተኛው ቀን የሚያልፈው ከሞት ጋር በመተናነቅ ብቻ አይደለም። ደረጃ ላይ የወደቁ አሮጊት፣ ትንፋሽ ያጠረው የአስም በሽተኛ፣ ከአራተኛ ፎቅ በቃሬዛ መወረድ ያለበት ከባድ ሰው፣ ከዚያም የሚሞላ ቅጽና የሚታጠብ መኪና አለ። ለሟች ቤተ ሰብ መርዶ መንገርም አለ፤ በድራማው ይህ የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ዘወር ካለ በኋላ ነው።

የ1996ቱ ተመራማሪዎች የፈሩት፣ ሰው ስለ ገዛ ሕመሙ ወይም ስለ አባቱ የመጨረሻ ሰዓት ከሐኪም ጋር ሲመክር፣ ከቴሌቪዥን የወሰደውን ተስፋ ይዞ ይወስናል ብለው ነው። እኛ ሌላም ፍርሃት አለን። ድራማው ሁሉን ነገር ከመኪናዋ ለሚወርዱት ስለሚያስረክብ በአጠገብ የቆመው ሰው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፤ በያንዳንዱ ደቂቃ ግን የመዳን ተስፋ ይመነምናል። አምቡላንስ እስክትደርስ ደረቱን የሚጫን አላፊ አግዳሚ መኖሩ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

በ2025 የተጀመረው «ዘ ፒት» የተባለው ድራማ ከነዚህ ነገሮች አንዳንዶቹን አርሟል፤ በሽተኞች ይሞቱበታል፣ መርዶውም በካሜራው ፊት ይነገራል። ታሪኩ የሚፈጸመው በፒትስበርግ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከሚመጡት በሽተኞች አንዱ ሽማግሌ በወጣትነታቸው የፍሪደም ሃውስ ሠራተኛ እንደ ነበሩ ይነገራል። አገልግሎቱ ከተዘጋ 50 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።