ሞክሼ ፊደላትና የማሟያ ጥቆማ፦ የመርካቶ ተራዎች በድረ ገጽ ቅጽ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ የሚታወቀው በተራዎቹ ነው። ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ የሚሉት ስሞች ለነጋዴውም ለተሸካሚውም አድራሻ ሆነው ያገለግላሉ። ዕቃ በድረ ገጽ የሚታዘዝበት ቅጽ ሲዘጋጅ፣ ገዢው የተራውንና የሸቀጡን ስም መጻፍ እንደ ጀመረ ተስማሚ ጥቆማ ማቅረብ ድካምንም ስሕተትንም ይቀንሳል። ይህ ጽሑፍ ጥቆማው ለአማርኛ ሲበጅ የሚነሡትን ሦስት ጉዳዮች ያብራራል።

የመጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። በኤችቲኤምኤል ‹‹ዳታሊስት›› አዘጋጁ የቃላት ዝርዝር ይሰጣል፤ ማሰሻውም ከተጻፈው ጋር የሚገጥመውን ያወጣል። ማነጻጸሩ ግን በድምፅ ሳይሆን በፊደል ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ለ‹‹ጸ›› እና ለ‹‹ፀ››፣ ለ‹‹አ›› እና ለ‹‹ዐ›› የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል። ‹‹የፀጉር ዕቃ›› በሞክሼዎቹ ብቻ በ4 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ዝርዝሩ አንዱን ብቻ ከያዘ በሌሎቹ የጻፈ ገዢ ሸቀጡ በሱቁ እያለ ያጣዋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት መልክ መያዝ ነው፦ ለዓይን የሚታየውን አጻጻፍና ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ተወካይ የተመለሱበትን የማነጻጸሪያ ቁልፍ። ገዢው የጻፈውም በዚያው ሕግ ተለውጦ ከቁልፉ ጋር ይነጻጸራል። ‹‹ጠጉር›› ግን በድምፅም ስለሚለይ በአማራጭ ስምነት መመዝገብ ይኖርበታል። ይህን ሥራ ዳታሊስት ብቻውን ስለማይወጣው በጃቫስክሪፕት ይሠራል።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ሂደት ነው። ድምፅን በሚከተሉ የፊደል ገበታዎች ‹‹ሸማ›› ሲጻፍ መጀመሪያ ‹‹ሽ›› ይወጣል፤ አናባቢው ሲጨመር ‹‹ሸ›› ይሆናል። በመካከሉ ጥቆማው ይጠፋል። ሆኖም የ‹‹ሸ›› የዩኒኮድ ቁጥር 4664፣ የ‹‹ሽ›› ደግሞ 4669 ነው፤ ሁለቱም ለ8 ሲካፈሉ ድርሻቸው 583 ነው፤ ቀሪው 0 ግዕዙን፣ 5 ሳድሱን ያመለክታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል በድርሻው ብቻ ማነጻጸር ጥቆማውን ያጸናዋል።

ሦስተኛው ወሰን ነው። ሞክሼን ማዋሐድ ለፍለጋ እንጂ ለመዝገብ አይበጅም። በግእዝ ‹‹ሠረቀ›› ስለ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን ‹‹ሰረቀ›› ሌብነትን ያመለክታል፤ የሰው ስምም ባለቤቱ እንደ ጻፈው መቀመጥ ይገባዋል። ማሰሻው በበኩሉ ቀድሞ የተሞላውን ስለሚያስታውስ፣ ብዙዎች በሚጋሩት የሱቅ ኮምፒውተር የአንዱ ደንበኛ ስልክ ለሌላው ሊታይ ይችላል። በስምና በስልክ ሣጥኖች ላይ ‹‹ኦቶኮምፕሊት›› የተባለውን ባሕርይ ‹‹ኦፍ›› ማድረግ ይህን አደጋ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ጥቆማ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። መርካቶ አዲስ ተራ ባወጣ ቁጥር ሣጥኑ በዝርዝሩ ያልተመዘገበውንም ስም መቀበል አለበት።