በውሃ ገጽ ላይ የሚዘረጋው ስስ ሽፋንና የጨቅላ ሕፃን እስትንፋስ

ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ሕፃን እየተጣደፈ ሲተነፍስ፣ ሲያቃስትና ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ነገር ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ የስብ ሽፋን ነው። ይህ ሰርፋክታንት የተባለ ሽፋን ለጤና ባለሙያዎች እንግዳ ባይሆንም፣ በውሃ ገጽ ላይ ሲጨመቅ የሚያሳየው ባሕርይ ግን እምብዛም አይነሣም።

የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃ ገጽ ዘወትር ለመኮማተር ይጥራል። የገጽ ውጥረት የሚባለው ይህ ኃይል በሰውነት ሙቀት 70 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው። የሳንባ የአየር ከረጢቶች በውስጥ በኩል በስስ ውሃ የተለበጡ ናቸው። በላፕላስ ሕግ ሲሰላ፣ ራዲየሱ 50 ማይክሮሜትር የሆነ ከረጢት እንዳይሟሽሽ 28 ሴንቲሜትር ውሃ ያህል ግፊት ያስፈልገዋል፤ ውጥረቱ ወደ 5 ቢወርድ ግን 2 ሴንቲሜትር ይበቃዋል።

በውሃ ላይ የተዘረጋን ሽፋን በመጭመቅ መለካት የጀመረችው ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ ነበረች። በዘመኑ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዝግ ስለነበር ሙከራዋን ያካሄደችው በቤቷ ነው፤ ውጤቷም እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። በ1957 ጆን ክሌመንትስ በተመሳሳይ መሣሪያ ከሳንባ የተገኘን ፈሳሽ ሲፈትሽ ሽፋኑ ሲጨመቅ ውጥረቱ እጅግ እንደሚቀንስ አስተዋለ። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ በሃያላይን ሜምብሬን በሽታ የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ይህ ባሕርይ እንደሌለው አሳዩ።

የሽፋኑ ዋነኛ ሞለኪውል ዳይፓልሚቶይል ፎስፋቲዲልኮሊን ሲሆን፣ ራሱን ወደ ውሃው፣ እያንዳንዳቸው 16 ካርቦን ያላቸውን ሁለት ጭራዎቹን ወደ አየሩ አድርጎ ይቆማል። ሕፃኑ አየር ሲያስወጣ ገጹ ይጠባል፤ ሞለኪውሎቹም ተጠጋግተው እንደ ጠጣር ነገር ይደድራሉ። የስቡ መቅለጫ 41 ዲግሪ በመሆኑ በሰውነት ሙቀት አይላላም። የደደረው ሽፋን የገጹን መኮማተር ስለሚቋቋም ውጥረቱ ወደ ዜሮ ይቃረባል። ተራ ሳሙና ይህን አይችልም፤ ሲጨመቅ ወደ ውሃው ይመለሳል። ጭምቀቱ ሲበረታ የሳንባው ሽፋን ይታጠፋል፣ አየር ሲገባም ዳግም ይዘረጋል። ለዚህ ቢ እና ሲ የተባሉት ፕሮቲኖች ያግዙታል። ፕሮቲን ቢ በውርስ የሌላቸው ሕፃናት ጊዜያቸውን ጨርሰው ቢወለዱም እንኳ በጽኑ የመተንፈስ ችግር ይያዛሉ።

ሕፃኑ የሚያቃስተው ማንቁርቱን በከፊል ዘግቶ አየር በሳንባው ውስጥ ለማስቀረት ሲታገል ነው፤ ሽፋኑ ሊሠራው የሚገባውን በጉልበቱ ይሠራል ማለት ነው። ሲፓፕ ይህንኑ ግፊት ከውጭ ይሰጣል። የሟሸሸን ከረጢት መልሶ መክፈት ክፍቱን ከማቆየት ይልቅ ብዙ ግፊት ስለሚጠይቅ ቶሎ መጀመሩ ይመረጣል። ከ1972 የሊጊንስና የሃዊ ጥናት ወዲህ ደግሞ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ የሕፃኑን ሳንባ እንደሚያበስል ታውቋል። በ1980 ፉጂዋራና ባልደረቦቹ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት በቀጥታ ለሕፃናት ሰጥተው መልካም ውጤት አግኝተዋል።

ብርድና የደም አሲድነት ሰርፋክታንትን ስለሚጎዱ ሕፃኑን ማሞቅ የሕክምናው አካል ነው። በክትትል ወቅት ማቃሰቱ በድንገት ቢቆም፣ የትንፋሹ ፍጥነትና የኦክስጅን መጠኑ ሳይታይ ተሻለው ሊባል አይገባም፤ ደክሞ ሊሆን ይችላልና።