ከዛፍ ሥርና ከካርቶን ስለሚሠራ የኮምፒዩተር ጨዋታ

በቤት ከሚሠሩት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ ዓይነት እንደ ተረት ያለ ነው፤ ተጫዋቹ መንገደኛውን እየመራ፤ ያገኘውን ዕቃ እየመረመረ፤ እንቆቅልሹን ሲፈታ ወደሚቀጥለው ሥፍራ ያልፋል። ዋናው ሥራ ማየት ስለሆነ ሥዕሉ ጌጥ ብቻ አይደለም።

የቼክ አገር ሰው ያኩብ ድቮርስኪ በፕራግ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳሞሮስት የተባለውን ጨዋታ ለመመረቂያው ሠራ። ቃሉ በአገሩ ቋንቋ ፍጥረት መስሎ የሚታይ የዛፍ ሥር ወይም እንጨት ማለት ነው። የሥርንና በእርጥብ ግንድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን ፎቶግራፍ አጋጥሞ፤ በሰማይ የሚንሳፈፍ ዓለም አደረገው። በዚያ የሚኖረው ነጭ ቆብ የደፋ ድንክ፤ ሌላ ሥር መጥቶ ቤቱን እንዳይመታበት ይሮጣል።

በለንደን ደግሞ ጥቂት ሠራተኞች በ2014 ላወጡት ሉሚኖ ሲቲ 3 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ከወረቀትና ከካርቶን አቁመው፤ ትናንሽ መብራትና ሞተር አግብተውባት በካሜራ አነሡአት። በማግሥቱ ዓመት የብሪታንያ አካዳሚ ስለ ጥበቧ ሸለማት። ጥላዋ እውነተኛ ጥላ በመሆኑ ያስደስታል፤ እኛ ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን የተማሪውን ሥራ እናስበልጣለን።

አንድ ችግር አለ፤ ፎቶግራፉ እጅግ ሲበዛ የሚነካው ነገር ከማይነካው አይለይም። ስለዚህ ሠሪው የሚፈለገውን ዕቃ በብርሃን ወይም በትንሽ እንቅስቃሴ ማመልከት አለበት።

ልጅዎ ከጓሮ ሥርና ቅርፊት እየሰበሰበ ቤቱን ቢሞላው፤ ከመቆጣትዎ በፊት ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ይጠይቁት።