የኢትዮጵያው የግድያ ምስጢር (ልብ ወለድ)

የኢትዮጵያው የግድያ ምስጢር አሜሪካዊው ጋዜጠኛና የስላቅ ጸሐፊ ጆርጅ ስካይለር (እ.ኤ.አ. 1895–1977) በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው መስከረም 24 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ሲሆን፣ ይህም የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን መውረር ከጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍል በጥር 1928 ዓ.ም. ወጣ።

ጸሐፊው

ስካይለር ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ለብዙ ዓመታት በዚሁ ጋዜጣ ሠርቷል። ይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው «ብላክ ኖ ሞር» በተባለው አስቂኝ ልብ ወለዱ ነው። በዚያ መጽሐፍ አንድ ሐኪም ጥቁሮችን ወደ ነጭነት የሚለውጥ ዘዴ ይፈጥራል፤ ደራሲውም በዚህ ሰበብ የአሜሪካን የዘር ልዩነት ይሳለቅበታል።

ታሪኩ

ኃይሌ ደስታ የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዑል በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሐርለም ሰፈር ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩን የማግኘቱ ጥያቄ ከአገሩ ጦርነት ጋር የተያያዘ ሆኖ ይወጣል፤ ከግድያው ጀርባ «የሞት ጨረር» የሚባል የጦር መሣሪያ ምስጢር አለ።

ኢትዮጵያዊ ልዑልን ከአገሩ አውጥቶ በባዕድ ከተማ ማኖር ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ አልነበረም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ልዑል ደስታን ፍለጋ ወደ ካይሮ ይሄዳል። ይህ መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። የጆንሰኑ ልዑል የሚፈልገው የሕይወትን ትርጉም ነው፤ በስካይለር ታሪክ ግን የተያዘው ጉዳይ የአገር ነጻነት ነው።

ልብ ወለዱና እውነተኛው ጦርነት

ታሪኩ ሲጻፍ የጦርነቱ መጨረሻ አልታወቀም ነበር። ስለዚህ በጥብቅ ትርጉሙ «ተለዋጭ ታሪክ» ሊባል አይችልም፤ ውጤቱን የሚያውቅ የዛሬ አንባቢ ግን እንደዚያ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የዚያን ጊዜ አንባቢዎች በአንድ ጋዜጣ ላይ ሁለት ኢትዮጵያን ያገኙ ነበር። አንደኛዋ ጋዜጣው ወደ ኢትዮጵያ የላከው ጄ. ኤ. ሮጀርስ የሚዘግባት ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ስካይለር በምናቡ የፈጠራት ናት።

እውነተኛው ጦርነት ሌላ መንገድ ያዘ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ሲረጩ የሚመክታቸው የጨረር መሣሪያ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተካሄደው የማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጸለዩ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ይሁን እንጂ ትግሉ አላበቃም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት በላስታና በዋግ ሕዝቡ በወራሪው ላይ ተነሣ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ።

ሁለተኛው ልብ ወለድ

ስካይለር ከሐምሌ 1930 እስከ ጥር 1931 ዓ.ም. በዚያው ጋዜጣ «አመጽ በኢትዮጵያ» የተባለ ሌላ ተከታታይ ታሪክ አወጣ። በዚህኛው አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልትና አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የአርበኞችን ትግል የሚደግፍ ሀብት ፍለጋ ወደ ተያዘችው አገር ይጓዛሉ። በልብ ወለዱ ገና የሚታሰበው አመጽ በላስታ ተራሮች ላይ ከዓመት በፊት ደም የፈሰሰበት ነበር።

ዳግም ኅትመት

ሁለቱ ታሪኮች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በአሮጌ ጋዜጦች ውስጥ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በሮበርት ሂል አዘጋጅነት «ኢትዮጵያን ስቶሪስ» በሚል ርእስ በአንድ መጽሐፍ ታተሙ። ዛሬ የሚነበቡት ለሴራቸው ብቻ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የነበሩ ጥቁር አንባቢዎች ኢትዮጵያ እንድታሸንፍ ምን ያህል ይመኙ እንደነበር ያሳያሉ።