ሻንጣው ሲከፈት፦ የብርድ ልብስ፣ ናፍታሊንና የልጆቻችን ጤና

 

ድሬዳዋ የሙቀት አገር ናት። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ወንዱ በሽርጥ፣ ሴቷ በስስ ድርያ ቤት ውስጥ ትውላለች፤ ብርድ ልብስን የሚያስታውስ የለም። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ግን የሌሊቱ አየር ይለወጣል። ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጂድ የሚሄዱ አባቶች ጋቢ ደርበው ይታያሉ። ለዚያራ ወይም ለጉዳይ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰውም የደንገጎን ዳገት ሳይጨርስ ጃኬቱን ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ነው በየቤቱ ከቁም ሣጥኑ አናት ወይም ከአልጋው ሥር ሻንጣ የሚወርደው። ለወራት ታጥፎ የተቀመጠው ሹራብና ብርድ ልብስ ይወጣል። ሻንጣው እንደተከፈተም ቤቱን አንድ የታወቀ ሽታ ይሞላዋል፤ የናፍታሊን ሽታ። ብዙዎቻችን ይህን ሽታ ልብሱ በጥንቃቄ ለመቀመጡ ማረጋገጫ አድርገን እንቆጥረዋለን። አራስ ባለበት ቤት ግን ይህ ሽታ ሊያስደነግጠን ይገባል። በዛሬው አምዳችን ምክንያቱን እንመለከታለን፤ የወቅቱን ልብስ እንዴት ማውጣትና ማስቀመጥ እንዳለብንም እንመካከራለን።

ናፍታሊን ምን ያደርጋል?

ናፍታሊን ነጭ፣ ክብ፣ ከረሜላ የሚመስል ነገር ነው። ውኃ ሳይነካው፣ ሳይቀልጥ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ትነት እየተለወጠ ያልቃል። ሻንጣ ውስጥ የጨመርነው ፍሬ ከወራት በኋላ ተመናምኖ ወይም ጠፍቶ የምናገኘው ለዚህ ነው። የጠፋው የት ሄደ ቢባል መልሱ ልብሱ ውስጥ የሚል ነው። ትነቱ በጨርቁ ውስጥ ተወሽቆ ይቆያል፤ ልብሱን ስንለብሰው ወይም ስንከናነበው ደግሞ በትንፋሽና በቆዳ አማካይነት ወደ ሰውነታችን ይገባል።

ጤነኛ ትልቅ ሰው በጥቂቱ ቢያሸተው ብዙ ጊዜ ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ አያልፍም። ሆኖም ከሰዎች መካከል ሲወለዱ ጀምሮ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው አሉ። ይህ ኢንዛይም ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጉዳት የሚጠብቅ ነው። እጥረቱ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ ወባ ለረጅም ዘመን በኖረባቸው አካባቢዎች ሕዝቦች ዘንድ ይበልጥ ይገኛል፤ ከሴቶች ይልቅም በወንዶች ላይ ይበረታል። ችግሩ ያለበት ሰው በሌላ ጊዜ ፍጹም ጤነኛ ስለሚመስል ቤተሰቡ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ናፍታሊን ሲያገኘው ቀይ የደም ሕዋሳቱ በብዛት ይፈርሳሉ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ባቄላ ወይም ፉል በልተው የሚታመሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አራስ ባለበት ቤት

ለመውለድ የተቃረበች እናት ቤት ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። የታላቁ ልጅ ልብስና የሕፃን ብርድ ልብስ ከሻንጣ ይወጣል፤ ለአራሷ ክፍል ዝግጅት ይደረጋል። ልጁ ሲወለድም ከናፍታሊን መሀል በወጣው ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ይጠቀለላል። የአራስ ሕፃን ጉበት ገና አልጠነከረም። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚወጣውን ቢጫ ንጥረ ነገር በፍጥነት ማስወገድ አይችልም። ስለዚህ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል። ይህ ቢጫነት ሲበረታ እስከ አንጎል ይደርሳል፤ የመስማት ችግርና ዘላቂ የአካል ጉዳት ያስከትላል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ገላው ቅባት የተቀባ ሕፃን ደግሞ ናፍታሊን በቅባት ስለሚሟሟ በቆዳው በኩል ይበልጥ ይገባበታል።

በመሆኑም እናቶች፣ አያቶችና አራስ ጠያቂዎች የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ እንዲሉ እንመክራለን፤

• የዓይኑ ነጭ ክፍል ወይም ቆዳው ቢጫ መሆን፤
• ሽንቱ እንደ ሻይ መጥቆር፤
• መገርጣት፤
• ጡት አለመያዝ፣ ከወትሮው በላይ መተኛትና መዛል።

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ሕፃኑን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ቢጫ የሆነን ሕፃን በጠዋት ፀሐይ እያሞቁ በቤት መጠበቅ የተለመደ ቢሆንም የሕክምናውን ቦታ አይተካም። በሆስፒታል የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና የተለየ ነው፤ በጊዜው የደረሰ ሕፃንም በእርሱ ይድናል። ልብሱ ናፍታሊን ነክቶት ከነበረ ለሐኪሙ መንገር አይዘንጋ፤ ሐኪሙ ሳይነገረው ሊገምተው አይችልም።

ልጅ ቢውጠውስ?

መዳህና መሄድ የጀመረ ልጅ ከሻንጣ የወደቀውን ነጭ ፍሬ ከረሜላ ነው ብሎ ወደ አፉ ይከታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የሚሮጠው ወተት ለማጠጣት ነው። ለናፍታሊን ግን ወተት መስጠት ስሕተት ነው። የወተቱ ቅባት ናፍታሊኑን አሟሙቶ ወደ ደም መግባቱን ያፋጥነዋል። ቅቤና ዘይትም እንደዚሁ። በግድ እንዲያስታውክም ማድረግ አይገባም። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጥቶ፣ ማሸጊያውን ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ደም የሚፈርሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ስለሚችል «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» ብሎ መቅረት አይበቃም።

ለመሆኑ ብል የሚበላው የትኛውን ልብስ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ናፍታሊኑን የምንጨምረው ብልን ፈርተን ነው። ልብስ የሚበሳው የሚበረው ብል ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ የሚመገበው ደግሞ ከእንስሳት የሚገኘውን ነው፤ ሱፍ፣ ሐር፣ ጸጉርና ቆዳ። ንጹሕ የጥጥ ልብስ፣ ፖሊስተርና ናይለን ምግቡ አይደሉም። ዛሬ በየቤታችን ያለው ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ቱታና ጃኬት አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸው። እንግዲህ ናፍታሊን ከምናደርግባቸው ልብሶች አብዛኞቹ ጭራሹን አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። የሕፃናት ልብስማ ፈጽሞ አያስፈልገውም። ብልን ወደማይበላው ልብስ የሚጠራው ላብና የምግብ ጠብታ ነው። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ሳሙናና ፀሐይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ናፍታሊን ለብል መከላከያነት እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2008 መከልከላቸውንም እናስታውስ።

ሻንጣው ሲከፈት

1. ሻንጣውን ልጆች በሌሉበት፣ በግቢ ወይም መስኮት ከፍቶ መክፈት። የተረፈ ፍሬ ካለ ለቅሞ ማስወገድ።
2. ልብሱን ዘርግቶ በፀሐይና በነፋስ ማዋል። የድሬዳዋን ፀሐይ ያህል ረዳት የለንም። ለሕፃን የሚሆነውን ግን አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ማናፈስ፣ ከዚያም ማጠብ። ሽታው እስካለ ድረስ ናፍታሊኑም አለ።
3. ከታጠበ በኋላም ከሸተተ ለአራሱ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማዘጋጀት።
4. ብርድ ልብሱን ከቤት ውጪ ማራገፍ። በውስጡ የተጠራቀመው አቧራ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል።

ከገበያ ልባሽ የምንገዛም አለን። ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሳይታጠብ አይለበስ። እከክ የምታመጣው ነፍሳት ከሰው ገላ ርቃ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ፣ የልብስ ቅማልም ከአንድ ሳምንት በላይ አትኖርም። ልብሱን በላስቲክ ቋጥሮ አንድ ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያም በሙቅ ውኃ አጥቦ ስፌቱን በካውያ መተኮስ ነው።

ሕፃናትን ስናለብስ ደግሞ ልክ እንወቅ። ጨቅላ ሕፃን እኛ ከለበስነው አንድ ድራብ ቢጨመርለት ለድሬዳዋ ብርድ ይበቃዋል። ላብ ካሰመጠው ይቀነስለት፤ ፊቱም አይሸፈን።

ልብስና ትንኝ

የልብስ ነገር ሲነሣ ድሬዳዋን ያስቸገሯትን በሽታዎች ማለፍ አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሳመመው ቺኩንጉንያ ከተማችንን አዳርሰዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ የምትናከሰው ቀን፣ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። ልጆች ወደ ቁርኣን ቤት የሚሄዱትና የሚመለሱት በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ልብስና ካልሲ ይጠቅማቸዋል። ገላ ላይ የተጣበቀ ስስ ልብስን ትንኝ ወግታ ታልፈዋለች።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሌላ ነገርም አለ። ኤደስ ቀን ቀን የምታርፈው በጨለማ ቦታ፣ ቁም ሣጥን ውስጥና በሚስማር በተንጠለጠለ ልብስ መካከል ነው። በር ጀርባ የተደራረበው ልብስ ማደሪያዋ ነው። የማንለብሰውን አጥፈን ስናስቀምጥ፣ የተንጠለጠለውንም በየጊዜው ስናራግፍ ማረፊያ እናሳጣታለን። የምትራባው ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ጀሪካን ስለሆነ እነዚህን መክደንና በየሳምንቱ ፈግፍጎ ማጠብ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲም በእንዲሁ ዓይነት የተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ናት። እርሷ ግን የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ አጎበሩም አይቅር።

መልሰን ስናስቀምጥ

ብርዱ ሲያልፍ ልብሱን የምንመልሰው ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ ከፀሐይ ሙቀቱም በርዶ መሆን አለበት። እርጥበት የቀረበት ልብስ ይሻግታል። የሱፍ ኮት ወይም የሐር ልብስ ካለ በሚገባ አጥርቶ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ማሸግ ብልን ይከለክላል። የደረቀ የኒም ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ሽታው በመጠኑ ይረዳ ይሆናል እንጂ ንጽሕናን አይተካም። ልብስን በዑድና በኡንሲ ማጠን ደስ የሚል ልማዳችን ነው። ነገር ግን የከሰሉ ጭስ ለአራስና ለአስም ሕመምተኛ ጎጂ ስለሆነ፣ በተዘጋ ቤትም ሰው ስለሚገድል፣ በር ተከፍቶ፣ ሕፃናትም ከክፍሉ ወጥተው ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ የልብስ ንጽሕና ለሶላታችን መስፈርት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለጤናችንም እንደዚሁ ነው። ሻንጣውን በከፈትን ቁጥር ለልጆቻችን የጠበባቸውን፣ እኛም የማንለብሰውን እንለይ። አጥበን፣ ቁልፉን ሰፍተን፣ ለራሳችን ብንሰጠው በማናፍርበት ሁኔታ ብርዱ ሳይበረታ ለጎረቤት እናድርሰው። ለአራስ ልጅ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ከመስጠታችን በፊት አፍንጫችንን ጨርቁ ላይ አስጠግተን እናሽትተው። ናፍታሊን ከሸተተን ጊዜው ገና ነው፤ ወደ ፀሐዩ እንመልሰው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።